የማላስታውሰው ሻሽ

ሸዋ ሮቢት ሄደህ ምን አየህ ለሚለኝ ሰው የምነግረው ብዙ የለኝም። የጎበኘሁት ቅርስ የለም፤ ፎቶ ያነሳሁት አንድ ግመል ብቻ ነው፤ እሱም ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። አራት ቀን ውዬ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው ሐኪሜ "የዋሉበትን ሁሉ ይጻፉ" ብላ ስላዘዘችኝ ነው፤ እኔም ብሆን ከጭንቅላቴ ይልቅ ደብተሬን አምነዋለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ባለቤቴ ትርሲትና እኔ ለወንድሟ ሰርግ ወደ ኮምቦልቻ ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጀውሃ አጠገብ ተገለበጠ። ትርሲት ሞተች። እኔ ጭንቅላቴን ተመትቼ ተረፍኩ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የመጨረሻ ነገር፣ ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ ገዝታ ግማሹን እጄ ላይ ስታፈስልኝ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው አዲስ አበባ የሆስፒታል ጣሪያ ነው። በመካከሉ ያለውን ሌላ ሰው ኖሮታል እንጂ እኔ አልኖርኩትም።

ቁስሉ ዳነ፤ ጭንቅላቴ ግን ወደ ሥራው አልመለስ አለ። ክፍል ገብቼ አንድ ዓረፍተ ነገር እጀምርና መሃሉ ላይ ይጠፋብኛል። ዓባይ ከየት ይነሳል ብዬ ጠይቄ መልሱን ከተማሪዎቹ ጋር እኩል እጠብቃለሁ። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነውና ትንሽ ይረፉ ብሎ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠኝ።

በመጨረሻ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ወዳለ የኦክስጅን ታንክ ተላክሁ። ታንክ የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ቻምበር ይሉታል። መስኮት ያለው ትልቅ የብረት በርሜል ነው። በጀርባ ተኝተው ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ውስጡ ያለው አየር ቀስ እያለ ይታመቃል፣ ሰውነትም ውጪ ከሚያገኘው እጅግ የበለጠ ኦክስጅን ይስባል። እሳት እንዳይነሳ ከጥጥ ልብስ በቀር አይፈቀድም፤ ሰዓትም፣ ስልክም፣ የጸጉር ቅባትም ክልክል ነው። ሐኪሜ አልዋሸችኝም። የተጎዳን አእምሮ ያነቃቃል የሚሉ አሉ፣ ገና አልተረጋገጠም የሚሉም አሉ፣ እርስዎ ላይ የሚያደርገውን አብረን እናያለን አለችኝ። አርባ ጊዜ ገባሁ። እየቆየ አንድ ገጽ ጀምሬ መጨረስ ቻልኩ፤ ሻይ ጥጄ ረስቼ ማሳረር ተውኩ፤ የጎረቤቶቼም ስም ተመለሰልኝ። ታንኩ ይሁን ጊዜ ያደረገው እኔ አላውቅም፤ እሷም አውቃለሁ አላለችም።

አንድ ነገር ግን ደበቅኋት። ሆስፒታል በፌስታል ከሰጡኝ ልብሶች መሃል ቢጫ አበባ ያለበት አረንጓዴ ሻሽ ነበር። የትርሲትን ልብስ ሁሉ አውቃለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፤ የቀሚሷ ቁልፍ ሲበጠስ የምተክለው እንኳ እኔ ነበርኩ። ይህን ሻሽ ግን አላውቀውም። የት ገዛችው? መቼ አሰረችው? ትራሴ ሥር አድርጌው እተኛለሁ፤ ታንክ ውስጥ ስገባም ዓይኔን ጨፍኜ እሱን እጠብቃለሁ። ከመጣልኝ ድኛለሁ ማለት ነው ብዬ ከራሴ ጋር ተዋውዬ ነበር። አርባ ጊዜ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ይህን ከረሳሁ ከእሷ ሌላ ምን ምን ረስቼ ይሆን? የረሳሁትን ቆጥሬ አልደርስበት ነገር። ትርሲት ሁለተኛ ጊዜ፣ አሁን ደግሞ በእኔው ጭንቅላት ውስጥ፣ ቀስ በቀስ እየሞተችብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የተላክሁበት ወረቀት ላይ "ያመጣቸው፦ መሐመድ፣ ጀውሃ" ይላል። ሄጄ ይህን ሰው ላመሰግነው፣ ስለዚያች ቀንም ልጠይቀው ቆረጥኩ። ታንኩን የምታንቀሳቅሰው ነርስ ስሰናበታት፣ ቆላ መውረድም ያው ነው መምህር፣ አየሩ ወፈር ይላል ብላ ቀለደችብኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ልዩነቱ ኢምንት መሆኑን አውቃለሁ። በሽተኛም ነኝና ተስፋ አደረግሁ።

ሰኞ

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሳምንት፣ ኅዳር እንደገባ፣ ከላምበረት በጠዋት ተሳፈርኩ። ሻሹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ለመሐመድ የያዝኩት ጋቢ ጭኔ ላይ። ጋቢውን የፈተሉት የትርሲት እናት ናቸው። ለቆላ ሰው ጋቢ ይዞ የሚወርድ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ያውም ሃያ ምናምን ዓመት ስለ አየር ንብረት ያስተማርኩ ሰውዬ።

ደብረ ብርሃን ላይ ለቁርስ ወረድን። ሜዳው አመዳይ ለብሶ ነበር። ምግብ ቤቱ ስለሞላ አስተናጋጇ ከሁለት ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። ስለ ሲሚንቶ ያወራሉ። ስለ ሲሚንቶ የምለው ነገር ስለሌለኝ ፍርፍሬን ዝም ብዬ በላሁ፤ ግን ቀናሁባቸው። አብሮ የሚያወሩት ሰው ካለ ሲሚንቶም ወሬ ነው።

ጣርማ በር በጉም ተሸፍኖ ስለነበር ሹፌሩ ከዋሻው ቀድሞ መብራት አበራ። ከዋሻው ወጥተን ቁልቁለቱን ስንይዝ ጆሮዬ ድፍን አለ። ያንን ድፍንታ አርባ ጊዜ አውቀዋለሁ፤ የታንኩ በር ተዘግቶ አየሩ መታመቅ ሲጀምር የሚመጣው ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጆሯቸውን በመዳፋቸው እየመቱ፣ ምን ነካኝ፣ ደነቆርኩ እንዴ አሉ። አፍንጫቸውን ይዘው ምራቃቸውን እንዲውጡ አሳየኋቸው። ከፈተላቸው። ከኋላ ያሉትም ሰምተው አፍንጫቸውን ያዙ፤ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ምራቁን እየዋጠ ወረደ። ሐኪም ነዎት እንዴ አሉኝ ሴትየዋ። አይ፣ በሽተኛ ነኝ አልኳቸው። ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በፊት መቼ እንደሳቅሁ አላስታውስም፤ ይህኛው ግን የጭንቅላቴ ጥፋት አይመስለኝም።

ደብረ ሲና ስንቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ዘጋሁት። አንዷ መስታወቱን በጣቷ ቆረቆረች፤ ፊቴን አዞርኩ። አሁን ሳስበው ባለጌ መስዬያት ይሆናል።

ሮቢት ስወርድ ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ ጋር አጣበቀው። ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ብቻዎን ነዎት ብላ ጠየቀችኝ፤ መዝገቡ ላይ መሙላት አለባት። ብቻዬን ነኝ አልኩ። ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ብቻ ነው የቀረው ብላ ሰጠችኝ። አንዱ አልጋ ላይ እኔ፣ ሌላው ላይ ጋቢው አደርን። አዲስ አበባ ቤቴ ጸጥታው ያስፈራል፤ እዚህ ደግሞ የአየር ማራገቢያው ክርር ሲል ስላደረ ቢያንስ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር።

ማክሰኞ

በጠዋት ጀውሃ ገባሁ። መንገዱ ዳር ከባድ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሹፌሮቹ ቁርስ ላይ ናቸው። አደጋ የደረሰበትን ሰው ያነሳ መሐመድ የሚባል ታውቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የትኛው መሐመድ አሉኝ፤ የወፍጮው? ረጅሙ? የሼህ አሊ ልጅ? እዚያ አገር በመሐመድ ስም መጠየቅ እኛ ሰፈር ተክሌ ብሎ እንደመጣራት መሆኑን እንዴት እንዳልገመትኩ አላውቅም። አደጋው ኩርባው ጋ ነበር ስል፣ እንግዲያው ኩርባው ጋ ያሉት ጋሽ መሐመድ ይሆናሉ አሉኝና አንዱ ቤታቸውን በእጁ አመለከተኝ።

ጋሽ መሐመድ ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው ናቸው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ፋጡማ ጋር ግቢ ውስጥ ማሾ ያበጥሩ ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ጋቢውን ዘርግቼ ትከሻቸው ላይ ጣልኩና ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ኩርባ ላይ ከሞት ያነሱኝ አንቱ ነዎት፣ ላመሰግንዎ መጣሁ አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ባለቤታቸውን አዩ፤ ባለቤታቸው ጋቢውን አዩ። ጋሽ መሐመድም፣ "አልሐምዱሊላህ። ቆመህ አታልቅስ፣ ግባ" አሉኝ። አዎ እኔ ነኝ እንዳላሉ ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ በኋላ መስተንግዶ ሆነ። በዚያ አገር እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ እትዬ ፋጡማ ለክርስቲያኑ ጎረቤታቸው ለታደሰ ላኩ። እሱ ቢላውን ይዞ መጣና በሥላሴ ስም ዶሮ አረደልኝ፤ ሚስቱ ከቤቷ የራሷን ድስት አምጥታ ወጡን ሠራች። ለአንድ እንግዳ ሁለት ቤት ሥራ ፈታ። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ላይ ከበላዬ ያለው ሰውዬ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ባለቤትዎስ ደህና ናት ይለኛል፤ ደህና ናት እለዋለሁ።

ታደሰ ዶሮውን ሲገነጥል አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጋሽ መሐመድ እንዴት እንዳተረፉኝ አወራሁለት። መቼ ነበር አለኝ። ካቻምና ጥር ላይ ስለው እጁ ቆመና ወደ ጋሽ መሐመድ ቀና አለ። እሳቸው፣ ታደሰ ውሃው እንዳይበርድብህ አሉት። እሱም አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ።

ጀንበር ሳትጠልቅ በማሽላ እንጀራ በላን። እኔ ግን የመጣሁበትን መጠየቅ ነበረብኝ። ባለቤቴን ሲያነሷት በሕይወት ነበረች ወይ፣ ብቻዋን ነበረች ወይ አልኳቸው። ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። "ዛሬ ደክሞሃል። ነገ ጠዋት ኢንሻአላህ ሁሉንም ትሰማለህ" አሉ። ሮቢት ልመለስ ብል በእንቢታቸው ጸኑ፤ የራሳቸውን አልጋ ለቀው አስተኙኝ። የማይነገር ነገር ቢኖር ነው፣ ተሰቃይታ ብትሞት ነው ብዬ ተናደድኩባቸው። አልጋቸው ላይ ተኝቼ በእሳቸው መናደዴ ደግሞ አሳፈረኝ።

ረቡዕ

ስነሳ ጋሽ መሐመድ የሉም። እትዬ ፋጡማ ቂጣና ሻይ አቀረቡልኝና ይመጣል፣ ይመጣል ይሉኛል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ከመንገዱ ወገን አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት አስከትለው መጡ። ገቡና ጋቢውን እንደታጠፈ አንስተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። አንድም ጊዜ አልለበሱትም።

"ወንድሜ፣ ያነሳሁህ እኔ አይደለሁም" አሉ። "ያን ጊዜ ግመል ይዤ አፋር በረሃ ነበርኩ። ትናንት ጋቢውን ስታለብሰኝ፣ ተሳስተሃል ብዬ ከደጄ ልመልስህ ፊት አጣሁ። ላመስግን ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰው በምን አፌ? ስለ ባለቤትህ ስትጠይቀኝ ግን ወላሂ መዋሸት ፈራሁ። እሱን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።"

ከንጋት ጀምሮ ቤት ለቤት ሲጠይቁ ነበር። ወረቀቴ ላይ ያለው መሐመድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሁን ጅቡቲ መስመር ላይ ስለሚሠራ አይገኝም። እኛን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ሮቢት ሲወስደን ግን አብራን የተቀመጠች ሴት ነበረች። መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች፤ ስሟ ዘሀራ ነው። ይቺው ናት አሉኝ።

ዘሀራ ጭንቅላቴን ጎንበስ ብላ አየችና ጸጉር አብቅሏል አለች፤ የተከለችው በቅሎ እንዳገኘች ገበሬ ደስ ብሏት። እኔም ለመጠየቅ እንዲቀለኝ ቦርሳዬን ከፍቼ ሻሹን አወጣሁ። ያን ቀን ባለቤቴ አስራው ነበር ወይ ልላት ነበር። አላስጨረሰችኝም።

"ይሄማ የኔ ሻሽ ነው" አለች።

"ያንቺ?"

"የኔ ነው ጋሼ። ከባቲ ገበያ ያመጣሁት። የርስዎ ደም አልቆም ሲል ከራሴ ፈትቼ የርስዎን ራስ ያሰርኩበት። ባለቤትዎ ነጭ ነጠላ ነው ለብሰው የነበረው።"

ሳቅሁ። እትዬ ፋጡማ ደንግጠው አዩኝ። አርባ ጊዜ በርሜል ውስጥ ገብቼ የጠበቅሁት፣ ሁለት ዓመት ትራሴ ሥር ያሳደርኩት ሻሽ ትርሲት አይታው የማታውቀው ሻሽ ነው። አላውቀውም ያለኝ ጭንቅላቴ ልክ ነበር። ከእሷ የረሳሁት ምንም አልነበረም፤ ቢያንስ ይህን አልነበረም። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነገር ተከተለው። ይህ ሁሉ ጊዜ ታቅፌ የተኛሁት የማላውቃትን ሴት ጨርቅ ነበር፤ አሁን ቤቴ ስመለስ እሱም የለም። ሳቄ የት ላይ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላወቅሁም።

ዘሀራ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ፣ ብቻዋን ነው እንዴ የሞተችው አልኳት።

"ብቻቸውን? እርስዎ አልነበሩም እንዴ" አለችኝ፣ እንደመቆጣት ብላ። "ራሳቸውን ጭንዎ ላይ አድርገው ይዘዋቸው አልነበር። ስምዎን ስጠይቅዎ አያውቁትም። የት ነው ያለነው እያሉ አሥር ጊዜ ጠይቀውኛል። እሳቸውን ግን ያውቋቸው ነበር። ትርሲትዬ ደርሰናል፣ ደርሰናል ትርሲትዬ እያሉ ፊታቸውን ይዳብሱ ነበር። እሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው እርስዎን ያዩ ነበር። ሮቢት ልንገባ ስንል ዓይናቸው ቆመ። እርስዎ ግን አላቆሙም፤ ጤና ጣቢያ በር ላይ እስኪለያዩዋችሁ ደርሰናል ይሉ ነበር።"

ጋሽ መሐመድ አላህ ይማራት አሉ።

ይህን ለሐኪሜ ስነግራት አልገረማትም። የተመታ ጭንቅላት እየነቃ፣ እያወራም፣ ምንም ሳያስቀምጥ ሊያልፍ ይችላል አለችኝ። ያልተቀመጠ ነገር ደግሞ የቱንም ያህል ኦክስጅን ብጠጣ አይመለስም። በሕይወቴ የሠራሁትን ትልቁን ነገር እኔ አላስታውሰውም፤ አንዲት ፓፓያ ሻጭ ታስታውስልኛለች።

ሻሹን መለስኩላት። ይሁንዎ ብትል እንቢ አልኩ። ገልጣ ፀሐይ ላይ አየችውና በበረኪና ነው እንዴ ያጠቡት፣ ቀለሙን ጨረሱት ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እንደዚያው እንደለቀቀ ካሰረችው ሻሽ በላይ ደርባ አሰረችው። ጋቢውንም ጋሽ መሐመድ አንስተው እሷ ትከሻ ላይ ጣሉት። በዚህ ሐሩር ምን አደርገዋለሁ ብላ ሳቀች፤ ግን አላወለቀችውም፤ ላብ በላብ ሆና ወደ ፓፓያዋ ተመለሰች።

ሐሙስ

ጋሽ መሐመድ መኪና ድረስ ሸኙኝ። ሁለት ፓፓያ በፌስታል ይዘውልኛል፤ የዘሀራ ናቸው። ሌላ ጊዜ ስትመጣ የሌላ ሰው ቤት እንዳትገባ አሉኝ። አልገባም፣ የማውቀው የእናንተን ቤት ነው አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሳልደውል የምገባበት ቤት የለኝም።

ሽቅብ ስንወጣ ጆሮዬ ያለ ምንም ምራቅ እየተከፈተ መጣ። ታንኩም መጨረሻው ላይ እንዲህ ነው፤ አየሩ ሲለቀቅ ሰውነት ይቀለዋል፣ ብርድም ይመጣል። ደብረ ሲና ስንደርስ መስኮቱን ከፈትኩና ቆሎ ገዛሁ። እጄ ላይ የሚያፈስልኝ ስለሌለ ከላስቲኩ በላሁ። ጥሩ ቆሎ ነበር፤ ሱፍ ገብቶበታል። ከጣርማ በር በኋላ ብርዱ ሲመጣ ጋቢዬ ትዝ አለኝ፤ አልጸጸተኝም።

አዲስ አበባ የገባነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ የበላዬ ሰውዬ ሲወርድ አገኘኝና ከየት ነው አለኝ። ከሸዋ ሮቢት አልኩት። ባለቤትዎስ ደህና ናት አለ። ሞታለች፣ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ይቅርታ ሳልነግርዎ ቀርቼ ነው አልኩት። ሰውዬው ደረጃው ላይ ቆሞ ቀረ። ነገ መጥቼ ላጽናናዎ አለኝ። ይምጡ፣ ፓፓያ አለ አልኩት።

ቁልፉን አውጥቼ በሬን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን በር የከፈትኩት ዝም ብዬ ነው፤ ለማን ብዬ እናገራለሁ። ፌስታሉን መሬት አስቀምጬ ደፉ ላይ ቆምኩ።

"ትርሲትዬ፣ ደርሰናል" አልኩ።